ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጥላሉ፤ ኩክኒያቸው ግን ጠቆረ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። 6 ዶሮዎች አሉኝ፤ 4ቱ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች፣ 2ቱ የሐበሻ። ዓመት አልፏቸዋል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ የሁለቱ ቦቫንሶች ኩክኒ ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ ወይን ጠጅ እየመሰለ መጥቷል። ሦስተኛዋ ደግሞ ኩክኒዋ ገርጥቷል። አንዷ የሐበሻ ዶሮ ኩክኒ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አያለሁ። ሁሉም ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ከገረጣችው በቀር ይጥላሉም። ጎረቤቶቼ ፈንግል ነው፣ ቴትራሳይክሊን በጥብጠሽ ስጫቸው፣ ካልሆነም ሳይሞቱብሽ ለገና እረጃቸው ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ቴትራሳይክሊኑን ያቆዩት፤ ቢላዋውንም እንዲሁ። ከጻፉት እንደሚታየው ግቢዎ ውስጥ ያለው አንድ በሽታ አይደለም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ኩክኒ ላይ ስለታዩ ብቻ አንድ መስለዋል። ከሦስቱ አንዱም ፈንግልን አይመስልም። ሆኖም ገና እና ጥምቀት የሚቃረቡበት ወቅት ፈንግል ከገበያ ወደየቤቱ የሚገባበት በመሆኑ «አይመስልም» ብሎ መተው አይገባም። ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት የሚያደርጉት ምርመራ አለ፤ ባትሪና ነጭ ጨርቅ ካለዎት ሌላ ወጪ የለውም።

ኩክኒ የሚቀላው ከደም ነው። ላባ የለውም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ውስጡ በቀጫጭን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ቀለሙ ሲለወጥ እዚያ የሚደርሰው ደም አንሷል፣ ወይም ደሙ ኦክስጅን አጥሮታል፣ ወይም ደግሞ ቆዳው ላይ የተለጠፈ ነገር አለ ማለት ነው። ትልቅነቱንና ድምቀቱን የሚወስነው ሆርሞን ነው፤ እንቁላል ልትጀምር የደረሰች ቄብ ኩክኒዋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አድጎ የሚቀላው ለዚህ ነው። በርበሬ በመኖ ላይ በመነስነስ ኩክኒ ለማቅላት የሚሞክሩ አሉ። በርበሬው አስኳሉን ያቀላል፤ ኩክኒው ጋ አይደርስም። ዶሮ የበርበሬ ማቃጠል ስለማይሰማት ደስ ብሏት መብላቷም ተስማምቷታል አያሰኝም።

ጫፋቸው ከጠቆረው እንጀምር። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቆጥ እንደወረዱ ሁለቱን ቦቫንሶች በደንብ ይዩአቸው፤ ስልክ ካለዎት ፎቶ ያንሱ። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከሞቃቸውና ጥቂት ከተሯሯጡ በኋላ፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆመው ደግመው ያንሱ። ጠዋት ወይን ጠጅ የነበረው ጫፍ ረፋድ ላይ ቀልቶ ከተገኘ ነገሩ የብርድና የደም ዝውውር ነው። ሰውነቷ ሙቀቱን ለመቆጠብ ወደ ኩክኒው የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ከሁሉ ርቆ ያለው የኩክኒው ጥርሶች ጫፍ ደግሞ መጀመሪያ ይጠቁራል።

ይህን በእጅ ማረጋገጥም ይቻላል። አንዷን በብብትዎ ሥር አቅፈው ያረጋጓት፤ የተደናገጠች ዶሮ ኩክኒዋ በድንጋጤው ብቻ ይጠቁራልና ሳትረጋጋ አይመርምሯት። የጠቆረውን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው 3 ሰከንድ ያህል ጫን ያድርጉት፣ ከዚያ ይልቀቁት። ቦታው ነጣ ብሎ በ2 ሰከንድ ገደማ ቀለሙ ከተመለሰ ደሙ ይመላለሳል፤ ሥጋው ሕያው ነው። ቀጥሎ ጫፉን በመዳፍዎ ሸፍነው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ። በእጅዎ ሙቀት ከቀላ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ሲጫኑት ምንም የማይለወጥ፣ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ከቀይዋ ሥጋ በግልጽ መስመር የተለየ ጥቁር ጫፍ ግን የሞተ ሥጋ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

በኢንተርኔት ቢፈልጉ ለዚህ ምልክት ቶሎ የሚያገኙት መልስ «ውርጭ በልቶታል» የሚል ነው። ያ መልስ የተጻፈው ክረምቱ በረዶ ለሆነበት አገር ነው። ሥጋ በውርጭ እንዲሞት አየሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች መውረድ አለበት። ጎንደር ከተማ 2,130 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል እንጂ ኩክኒ አያደርቅም። ከደባርቅ አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚኖር ሰው ግን የውርጭ ነገር እውነት ነው። አዘዞ ላይ የሞተ ጥቁር ጫፍ ካገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መነካከስ ወይም የዶሮ ፈንጣጣ ነው።

ለምን ቦቫንሶቹ ብቻ? የእነሱ ኩክኒ ነጠላ፣ ረጅምና ጥርስ ያለው ነው፤ ሙቀት በብዛት ያባክናል። ከሐበሻ ዶሮዎች ብዙዎቹ ኩክኒያቸው ዝቅ ያለና የተደፈጠጠ ስለሆነ ብርዱ ጫፍ አያገኝባቸውም።

ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ የሚታከመው ቤታቸው ነው። የአብዛኛው ሰው ስህተት ብርዱን ሲያይ ቤቱን በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ መድፈን ነው። ዶሮ ስትተነፍስም ስትኩስም እርጥበት ታወጣለች። መውጫ ያጣው እርጥበት የቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ጤዛ ይሆንና ሌሊቱን እየተንጠባጠበ ኩክኒውን ያረጥበዋል፤ እርጥብ ኩክኒ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያም መተንፈሻቸውን ይጎዳል። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ጎንበስ ብለው አፍንጫዎን ቆጡ ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ ዓይንዎን ከቆጠቆጠዎት እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲስቡ አድረዋል።

የሚፈለገው ንፋስ ቆጡ ላይ እንዳይነፍስ፣ ከራሳቸው በላይ ግን አየር እንዲወጣ ነው። ንፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ግድግዳ ከወለል ጀምሮ ከቆጡ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ እስከሚል ድረስ በጆንያ ወይም በሳንቃ ይሸፍኑ። ከዚያ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ስንዝር የሚያህል ክፍተት በወንፊት ሽቦ ሸፍነው ይተዉ። ቆጡ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተላገ እንጨት ይሁን። ቀጭን ብረት ወይም የውኃ ቧንቧ ብርዱን በእግሯ በኩል ያስገባባታል፤ ሰፋ ያለ እንጨት ላይ ግን ጣቶቿ ላይ ተቀምጣ በላባዋ ትሸፍናቸዋለች። ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጉዝጓዙ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይሁን፤ ውኃ የፈሰሰበትን ብቻ በየቀኑ ያውጡ። ማታ 11 ሰዓት ገደማ ለእያንዳንዷ ጭብጥ የማትሞላ በቆሎ፣ ከ20 እስከ 30 ግራም፣ ብትበትኑላት ሌሊቱን ስትፈጨው ሙቀት ይሰጣታል። የቀን ቀለቧ ከ110 እስከ 120 ግራም ስለሆነ ይህ ከዚያ ላይ የሚታሰብ ነው።

የከሰል ምድጃ ዶሮ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላቸዋል፤ በዚያ ላይ ጭድና ፍም አብረው አያድሩም።

እንግዲህ ጥቁረቱ ረፋድ ላይ ካልለቀቀስ? ጫፉ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ኩክኒው ከሥሩ፣ ከአገጯ ሥር የሚንጠለጠለው ሥጋና ፊቷ ጭምር ቀኑን ሙሉ ከጠቆረ ነገሩ ከብርድ ወጥቷል። ምንቃሯን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ስትተነፍስ ጅራቷ ወደላይና ወደታች የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሳንባዋ ወይም ልቧ ነው። እኛ ጋ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ በጎንደር ከፍታ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ነው። ይህ ቦቫንስንና የሐበሻ ዶሮን እምብዛም አይጎዳም። ቶሎ ለሚፋፋ የሥጋ ዶሮ ግን ልብ ከአቅም በላይ ይሠራና ይደክማል፤ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቋጥራል፣ ኩክኒው ሰማያዊ ይሆናል፣ ሆዷ ሲዳሰስ ውኃ እንደሞላ ላስቲክ ይንቀጠቀጣል። የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው ሰማያዊ ኩክኒ ካየ ከብርድ በፊት ይህን ይጠርጥር።

አሁን ወደ ፈንግል። ጎረቤቶችዎ መፍራታቸው ልክ ነው፤ ምልክቱን ግን ከኩክኒ ቀለም ብቻ ማንበብ አይቻልም። ፈንግል የያዛት ዶሮ ኩክኒዋ ከመጥቆሩ በፊት ወይም አብሮ መብላት ታቆማለች። ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ትይዛለች። ኩሷ አረንጓዴና ውኃማ ይሆናል። ታስነጥሳለች፣ ታጣጥራለች፤ ሰንብታ ደግሞ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ ክንፏ ወይም እግሯ ይሽመደመዳል። የሚጥሉት በድንገት ያቆማሉ ወይም ቅርፊት የሌለው እንቁላል ይጥላሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ክትባት ያላገኙ 6 ዶሮዎች ባሉበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዳረሳል። የእርስዎዎቹ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ጠቁረው እስካሁን እየበሉና እየጣሉ ከሆነ ፈንግል ይህን ያህል አይታገሥም። ተመሳሳይ ጥቁረት፣ ከፊትና ከኩክኒ እብጠት ጋርና ከድንገተኛ ሞት ጋር ከመጣ የወፍ ጉንፋንም ይጠረጠራልና ሳይነካኩ፣ ሳያርዱ፣ ሳይነጩ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ነው።

የእርስዎ እውነተኛ ስጋት ወደፊት የሚመጣው ነው። ለገና ከገበያ የሚገዛው አውራ ዶሮ እስከ ዋዜማው ግቢ ውስጥ ታስሮ ይቆያል፤ ከእርስዎ ዶሮዎች ጋር ከአንድ ዕቃ ይጠጣል። ጤነኛ የሚመስል ዶሮ ፈንግልን ይዞ እስከ 15 ቀን ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። የበዓሉን ዶሮ ዶሮዎችዎ በማይደርሱበት በኩል ያስሩት፣ ውኃና መኖውን በተለየ ዕቃ ይስጡት። የእርስዎዎቹን አስቀድመው ይመግቡ፣ እሱን በመጨረሻ፤ ከእሱ ሲመለሱ እጅዎንም ጫማዎንም ይታጠቡ። ሲታረድ ላባው፣ አንጀቱና የታጠበበት ውኃ ጓሮ አይደፋ፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ለማርባት የሚገዙት ካለ ደግሞ ቢያንስ 3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

የፈንግል ክትባት የሚመረተው ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ በእንስሳት ክሊኒክና በእንስሳት መድኃኒት ቤት በኩል ይደርሳል። አይ-2 የሚባለው በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጥና ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችል ስለሆነ ለጓሮ ዶሮ ይመቻል፤ በየ3 እና 4 ወሩ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ በአንድ ቀን መከተብ ነው የሚያዋጣው። በውኃ የሚሰጠውን ላሶታ የተባለ ሌላ የፈንግል ክትባት ካገኙ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን እንደሚገድለው ይወቁ፤ በ1 ሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጠው፣ ጥቂት ቆይተው ክትባቱን ይጨምሩ። ዶሮዎቹን 2 ሰዓት አስጠምተው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ያቅርቡ። ክትባት ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ በሽታው ከገባ በኋላ የሚሰጥ አያድንም።

ስለ ቴትራሳይክሊኑ። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያ ላይ ነው የሚሠራው። ብርድን አያሞቅም፣ ተባይ አይገድልም። የምትጥል ዶሮ መኖ ደግሞ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ካልሲየም መድኃኒቱን አስሮ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋልና በውኃ የተበጠበጠው ባብዛኛው በከንቱ ይወጣል። የገባው ትንሹ ደግሞ እንቁላሉ ላይ ይቀራል፤ ያንን እንቁላል እርስዎና ልጆችዎ ትበሉታላችሁ። በመጠን ያነሰ መድኃኒት በየጊዜው መስጠት ነገ በእውነት ሲያስፈልግ እንዳይሠራ ማድረግ ነው።

ወደ ገረጣችው እንምጣ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ገረጣች ሳይሆን ለምን መጣል አቆመች ነው። ጀርባዋን ወደ እርስዎ አዙረው ይያዟት፤ ከመቀመጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ሾጠጥ ያሉ አጥንቶች ይዳሰሳሉ። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች። የምትጥል ዶሮ መቀመጫዋ ሰፊና እርጥብ ነው፤ ያቆመችው ጠባብና ደረቅ ነው። አቁማ ከሆነ ሆርሞኗ ወርዷልና ኩክኒዋ መገርጣቱና መኮማተሩ የሚጠበቅ ነው።

ለማቆም ምክንያት አላት። ዓመት ያለፋት ቦቫንስ ላባ ትቀይራለች፤ አንገቷና ጀርባዋ ላይ እንደ እሾህ የበቀሉ አዳዲስ የላባ እንቡጦች ካሉ ያ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል። በዚያ ላይ ብርሃን አለ። ጎንደር ላይ በታኅሣሥ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ወደ 13 ሰዓት ይጠጋል። እነዚህ የፈረንጅ ዶሮዎች በደንብ የሚጥሉት ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ ነው። የተቀሩት እየጣሉ እሷ ብቻ ማቆሟ አያስገርምም፤ ዶሮ ከዶሮ ይለያል። ላባ እየቀየረች ያለችን ዶሮ በመብራት አያስገድዷት፤ ላባ ፕሮቲን ነውና ኑግ ፋጉሎ ወይም የተቀቀለ አኩሪ አተር ጨመር ያድርጉላት። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ከሆነ አይበቃትም። እኛ ጋ የሚበዛው ነጭ በቆሎ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ቢጫ ቀለም ስለሌለው ጎመን ወይም ለምለም ሣር በየቀኑ ይስጡ።

ግን መገርጣት የደም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ምንቃሯን ከፍቶ በማየት ነው። የአፏ ውስጥና የዓይኗ ቆብ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ደም አላት፤ ነጭ ወረቀት ከመሰለ ደሟን የሚጠጣ ነገር አለ። የደረት አጥንቷን ይዳስሱ፤ ሥጋው ጎድሎ አጥንቱ እንደ ቢላዋ ጀርባ ከወጣ ክብደቷን አጥታለች፣ ትል ወይም ኮክሲዲያ (አንጀት የሚጎዳ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ) ይጠረጠራል፤ ኩሷን ለክሊኒክ ይውሰዱ።

በጣም የሚረሳው ደም ጠጪ ግን ሌሊት ብቻ የሚመጣው ነው። ቀን ዶሮዋን ላባ በላባ ቢገልጧት ቀዩን ቅንቅን አያገኙትም፤ በቆጡ ስንጥቅ፣ በሚስማር ቀዳዳ፣ ቆጡ ግድግዳውን በሚነካበት ቦታ ተደብቆ ይውላል። ማታ ከመሸ 2 ሰዓት ገደማ በኋላ ባትሪ ይዘው ይግቡና ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር በኩል ጫን አድርገው ይጥረጉበት። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ጭረት ከታየ አገኙት። ጎንደር አካባቢ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ የሚኖር የዶሮ መዥገርም አለ፤ ይህም ሌሊት ነው የሚመገበው፣ ጠፍጣፋና አመዳማ ነው፣ ሲጠጣ ያብጣል። ሁለቱም ያለ ምግብ ብዙ ወራት ስለሚቆዩ ዶሮ አውጥቶ ቤቱን ጥቂት ሳምንት ባዶ ማድረግ አይገድላቸውም።

የሚገድላቸው ይህ ነው፦ ቆጡን ነቅለው አውጡ፣ ስንጥቁ ውስጥ የፈላ ውኃ ያፍስሱ፣ ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ጉዝጓዙን ጠርገው ያቃጥሉ። ግድግዳውን በጭቃ ምረጉና 1 ኪሎ ኖራ በ3 ወይም 4 ሊትር ውኃ በጥብጠው፣ እፍኝ ጨው ጨምረው፣ ስንጥቅ ስንጥቁ ላይ ያጥግቡት። ሲደርቅ ብቻ ዶሮዎቹ ይግቡ። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይህን ሁሉ ይድገሙት፤ በመጀመሪያው ዙር እንቁላል የነበረው በሁለተኛው ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሠራ ሰው «ኖራ አይሠራም» የሚለው ለዚህ ነው። ለዶሮዎቹ ደግሞ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዝናብ የማይነካው ጉድጓድ ወይም ሳፋ ውስጥ ሁለት እጅ ደረቅ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ የእንጨት አመድ ያድርጉላቸው። አመዱ ይድረቅ፤ የረጠበ አመድ ቆዳ ያቃጥላል።

ለከብት መዥገር የሚሸጠውን ዲያዚኖን ዶሮ ላይም ዶሮ ቤትም አትርጩ። ወፎች ለእሱ ከከብት ይልቅ እጅግ ስሱ ናቸው፤ ቅንቅኑን ሊገድሉ ዶሮዎቹን ያጣሉ።

የቀረችው የሐበሻ ዶሮዎ ናት፤ እኔ እንደሚመስለኝ ቀላሉም ጥያቄ የእሷ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥተው ነጠብጣቡን በጥፍርዎ ጫፍ ነካ ያድርጉት። ኩክኒዋና የዓይኗ ዙሪያ ላይ ኑግ የተነሰነሰ መስሎ ከታየ፣ ሲነኩት የማይዘል፣ የማይሸሽ፣ ግን ተጣብቆ የቀረ ከሆነ ተጣባቂ ቁንጫ ነው። እንደሌላው ቁንጫ አይዘልልም፤ እንስቷ አፏን ቆዳው ውስጥ ቀብራ እዚያው ሳምንታት ትቀመጣለች፣ እንቁላሏን ወደ መሬት ትጥላለች። ሰው ቆሻሻ ወይም የደረቀ ደም ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ዓይን ዙሪያ ሲበዛ ግን ዓይን ይደፍናል፣ ጫጩትን ደግሞ በደም ማነስ ይገድላል።

አወጣጡ፦ ቫዝሊን ወፈር አድርገው ይቀቡት፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቀው፤ አየር ሲያጡ ይሞታሉ። በማግስቱ የቀሩትን በወረንጦ ከሥር ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፣ ቦታውን በአዮዲን ይንኩት። ላምባ፣ ናፍጣና የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ቁንጫውንም ይገድላል፣ ኩክኒውንም ይልጠዋል፤ ከዚያ ሌሎቹ ደም አይተው ይነክሷታል። ከቁንጫው እንቁላል የሚፈለፈሉት ትሎች ግን ዶሮዋ ላይ ሳይሆን ቤቱ ሥር ባለው ደረቅ አቧራ ውስጥ ናቸው። አቧራውን ጠርገው ያቃጥሉ፣ ወለሉን በውኃ አርጥበው ይምረጉ፣ ዶሮዎቹን በየሳምንቱ እያዩ ሁለት ወር ይከታተሉ። ግቢ ውስጥ ውሻ ወይም ድመት ካለ ጆሮውን ይዩ፤ ይኸው ቁንጫ እነሱም ላይ ይቀመጣል።

ነጠብጣቡ ከፍ ያለ፣ እንደ ኪንታሮት የሻከረ፣ መጀመሪያ ቢጫ ሆኖ ኋላ የጠቆረ ቅርፊት ከሆነ ደግሞ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ትንኝ ነው የሚያዛምተው፤ ስለዚህ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ይበዛል። ቅርፊቱን አይላጡት፣ ቫይረሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይወድቃል። አፏ ውስጥ ነጭ ሽፋን ካልታየና መተንፈስ ካልከበዳት ትድናለች። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከሆነ ፈንገስ ነው፤ ከአቧራ የሚለየው በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ስለማይለቅ ነው። ክሎትሪማዞል ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዱቄቱ ከጠፋ በኋላም ሌላ ሁለት ሳምንት ይቀቡ፤ ከቀቡ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

አንዷ እስካሁን ካልነው ውጭ ምልክት ካሳየች፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች፣ ኩሷ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ፣ ወይም ጥቁረቱ በሁለት ቀን ውስጥ ከጫፍ ወደ ሥር ከወረደ፣ ከሌሎቹ ለይተው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወይም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ይውሰዷት። ሞታ ካገኟትም አትጣሏት፤ በሁለት ላስቲክ ደርበው ቋጥረው፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆይተው፣ በዚያው ቀን ያድርሷት። ፍሪዘር ውስጥ አያስገቧት፤ የበረዶ ሥጋ ላይ ሳንባውንና አንጀቱን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። የጠዋቱንና የረፋዱን ሁለት ፎቶዎችም ይዘው ይሂዱ።